ጥርስ የጎደለው ካርታ

ጋሽ ልኬት ምድር ቤት መውረድ አይወድም ነበር። የእኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ ምድር ቤት ነው፤ ከመንገዱ አሥራ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ በመስኮቱ የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ የሚታይበት። የመጣ ቀን በሩ ላይ ቆሞ ደረጃውን ሲቆጥር አየሁትና «ጋሼ፣ ሊገዙት ነው እንዴ?» አልኩት። «ሁለት ሜትር ከሃያ» አለኝ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። ስሙ ከዚያን ቀን ጀምሮ ልኬት ሆነ። አንተ ማለት የጀመርኩትም እሱ ራሱ «አንቱ አትበለኝ፣ አታስረጀኝ» ብሎ ስለተቆጣኝ ነው።

የምንሠራው የኮምፒውተር ጌም ነው፤ ያለፉ ጦርነቶችን ተጫዋቹ እንደ አዲስ የሚመራበት። እኔ ሣርና ድንጋይ ቀቢ ነኝ። የጌማችን ሕግ ቀላል ነው፤ ከላይ የቆመ ወታደር ሩቅ ያያል፣ ሩቅ ይመታል፤ ሽቅብ የሚሮጥ ይደክማል፣ የደከመ ይስታል። ስለዚህ የመሬቱ ከፍታ ትክክል ካልሆነ ጦርነቱ ሁሉ የልጅ ጨዋታ ይሆናል። ጋሽ ልኬት ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲቀይስ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። አለቃችን ቤቱ ድረስ ሄዳ ለመነችው። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም፤ ጉልበቱን እያመመውም ወደ ታች ለመቀየር እሺ ብሎ አያውቅም። ልትሠራው የፈለገችው የዛሬ ሠላሳ ዓመት አባቷ የሞተበትን ውጊያ ነው። እሱም በወጣትነቱ እዚያ ግንባር ወታደር እንደነበረ ነገራት። የነገራት ግን ግማሹን ነው።

አባቷ መቶ አለቃ ነበር። አንድ ንጋት፣ አገሩን ጉም ሸፍኖት ሳለ፣ አርባ ሰው ይዞ ኮረብታ ላይ መስፈር ሲገባው ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሰፈረ። ጉሙ ሲገለጥ ጠላት ዙሪያውን ከላይ ቆሟል። አንድም ሰው አልተረፈም። የጦሩ መዝገብ «መቶ አለቃው ቦታ መምረጥ ባለማወቁ ወታደሮቹን አስጨረሰ» ይላል፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እናቷ የባሏን ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ መስቀል አፍራ፣ የሟቾቹን እናቶች ዓይን ስትሸሽ ኖራ አምና ሞተች። አለቃችንን ደግሞ ትምህርት ቤት «የጉድጓዷ ልጅ» ይሏት ነበር። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው።

ጋሽ ልኬት ወንበሩን ደረጃው ሥር አስጠግቶ ሦስት ወር ሠራ። እያንዳንዷን ሸንተረር በእጁ እየዳሰሰ የሚያወጣት ይመስል ነበር። እኔንም አላስቀመጠኝም። «ውሃ የሚያቁር ቦታ ላይ ሣሩ እንዴት ደረቀብህ? አንተ ራስህ ሣር!» እያለ ሜዳውን ሦስቴ አስቀባኝ። ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ግን ወደ ሌላ ሸንተረር ይዞራል። እሱን ሁልጊዜ ነገ እሠራዋለሁ እያለ መጨረሻ አደረገው።

መሬቱ አልቆ ስንሞክረው አባቷ አልሞት አለ። አለቃችን ማሽኑን፣ ማለት ራሱን ችሎ የሚጫወተውን ኮምፒውተር፣ በመቶ አለቃው ቦታ አስገብታ ለቀቀችው። አርባዎቹ ሰማያዊ ነጥቦች ጉድጓዱን ዞረው አለፉና ኮረብታው አናት ላይ ወጥተው ተረፉ። ደገመችው፤ ተረፉ። ሃያ ጊዜ ሞከረች፤ ማሽኑ ሃያ ጊዜ ኮረብታውን መረጠ።

«ማሽን እንኳ ያውቃል» አለች በመጨረሻ። «አንድ ምክንያት ይኖረዋል ብዬ ነበር፣ እኔ ሞኟ። ምንም የለም። ደደብ ነበር፣ በቃ። መዝገቡ እንዳለው አድርገን እንለቀዋለን።»

«አይሆንም» አለ ጋሽ ልኬት።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«ማሽኑ መሬቱን እያየ ነው። አባትሽ መሬቱን አላየም፤ ጉም ነበር። ያየው ካርታ ነው። ለማሽኑም ካርታውን ስጪው።»

«ካርታውማ ያው ነው እኮ።»

«አይደለም። ቆይ፣ እኔ እስልልሻለሁ።»

መሬቱን የሠራበትን አሮጌ የጦር ካርታ ዘርግቶ ስስ ወረቀት አነጠፈበት። በካርታ ላይ ኮረብታም ጉድጓድም የሚሳሉት አንድ ዓይነት ነው፤ ቀለበት በቀለበት ውስጥ። ጉድጓዱን የሚለዩት ቀለበቱ ላይ ወደ ውስጥ የተደረደሩ ትንንሽ ጭረቶች ናቸው፤ ቀያሾች ጥርስ ይሏቸዋል። ካርታ ሲገለብጡ መጀመሪያ መስመሩን ይጨርሳሉ፣ ጥርሱንና ቁጥሩን በመጨረሻ ያስገባሉ፤ ልማዳቸው ነው። ጋሽ ልኬት መስመሩን ጨረሰና እርሳሱን አስቀመጠ።

«ጥርሶቹን አላስገቡም» አለች።

«ያን ቀንም አልገቡም።»

ገርሟት እያየችው ወረቀቱን ለማሽኑ አስገባችው። ጥርስ የሌለው ቀለበት ለማሽን ኮረብታ ነው፤ የጉድጓዱ ቀለበቶች ብዙ ስለሆኑ ደግሞ ከእውነተኛው ኮረብታ የበለጠ ከፍታ መሰለው። አርባዎቹ ነጥቦች ሳያመነቱ ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። ቀያዮቹ ዙሪያውን ከላይ ብቅ አሉ። የቀረውን ያ ቀላል ሕጋችን ፈጸመው። ለማለቅ ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ኮከብ ያለበት ነጥብ መቶ አለቃው ነው፤ አራት ጊዜ ሽቅብ ሞክሮ በአራተኛው ቀረ።

አለቃችን አፏን በእጇ ያዘች። «አልተሳሳተም» አለች እያለቀሰች። «አባቴ ትክክል ነበር።» ከዚያ ቀስ ብላ ዞረች። «ይህን ወረቀት ለአባቴ ማነው የሰጠው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ልኬት። «የካርታ ሠራተኛው እኔ ነበርኩ። ዋናው ካርታ አንድ ብቻ ስለነበረ፣ ቶሎ በል ሲሉኝ በችኮላ ገለበጥኩለት። ‹ይሄ ኮረብታ ነው?› አለኝ። ወረቀቱን ዳግም ሳላይ ‹አዎ ጌታዬ› አልኩት። ጥርሶቹ ትዝ ያሉኝ ጉሙ ሲገለጥ ነው። እኔ ከኋላ ሸንተረሩ ላይ ነበርኩ፤ ሁሉንም ከላይ ሆኜ አየሁት። መርማሪዎቹ ሲጠይቁኝ ‹የሰጠሁት ካርታ ትክክል ነበር› አልኩ። ወረቀቱ እሱ ኪስ ውስጥ ቀርቷል፤ ማን ያውቅብኛል?»

እንዲህ ያለውን ነገር ሆድ ይፍጀው እንላለን። የእሱን ሆድ ብቻ ቢፈጅ ምን ነበረበት! ሦስት ወር አብሬው ሻይ ጠጥቻለሁ፣ ቀልዱ ያስቀኝ ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ግን ጠላሁት።

«እናቴ የሞተችው አምና ነው» አለች። ሦስት ወር ሙሉ እርስዎ ስትለው የነበረች ልጅ፣ «አምና የት ነበርክ?» አለችው።

«እዚሁ። ቀብሯ ላይ ነበርኩ። ከኋላ ቆሜ።»

«ውጣልኝ።»

ደረጃውን ሳይቆጥር ወጣ።

ጌሙ በወሩ ወጣ። ተጫዋቹ ጉድጓዱን ሲነካው ያ ስስ ወረቀት ይመጣል፤ ከሥሩ የገለበጠው ሰው ሙሉ ስም አለ። ስሜን ጻፉት ብሎ ፈርሞ የላከው ራሱ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሠላሳ ዓመት አድሮ የጠራው እውነት እናትየውን በሕይወት አላገኛትም።

ባለፈው ሳምንት አላስችል ብሎኝ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ከስቷል። ስለ ጌሙም፣ ስለ ስሙም፣ ይቅር ትለው እንደሆነም አልጠየቀኝም።

«ፎቶውን ሰቀለችው?» አለኝ።

«ሰቀለችው። መሥሪያ ቤት፣ ደረጃው ፊት ለፊት።»

«ከወለሉ ስንት ነው?»

«እኔ እንዳንተ ሜትር ይዤ አልዞርም። አንድ ሜትር ከሰማንያ ቢሆን ነው።»

ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አሰላ። ደረጃችን ሁለት ሜትር ከሃያ ነው፤ እሱ መቼ ይረሳዋል።

«አሁንም ከመሬት በታች ነው ያለው» አለ። «አርባ ሳንቲ ይቀረዋል። ከፍ አድርጋ ትስቀለው በላት። እኔ እንዳልኩ ግን አትንገራት።»