ብራና የለበሰ ክንፍ

ገብረ ሊባኖስ በ1950ዎቹ ሰቆጣ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህር ነበር። ከቄስ ቤት ቢወለድም ልቡን የወሰደው አውሮፕላን ነው። ለሚሠራት ትንሽ አውሮፕላን ከአስመራ ያስመጣት ሞተር አውራ ጣት ብታህል ነው፤ ስትነሳ ግን የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮህባታል። የቸገረው ክንፉ ነበር።

«አየር የሚቆርጠው ስስ ነገር ነው» ብሎ ክንፉን እንደ ቢላዋ አሳሳው። የሚያለብሰው ቢያጣ፣ አባቱ ቄስ አሥራተ ማርያም ለጸሎት መጽሐፍ የፋቁትን የግልገል ብራና ለመናቸው። የቄስ ልጅ አይደል፤ ቤት ሲሠራ እንዳየው ብራናውን በውሃ አርሶ ክንፉ ላይ ወጠረው። ብራና ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ስሱን ክንፍ ጠመዘዘው። ያም ሆኖ አበረራት፤ አውሮፕላኗም ቁልቋል ውስጥ ተሰካች።

«ለመጽሐፍ የፋቅሁትን ለቁልቋል አለበስኸው!» አሉ አባቱ። «አንድ ቅጠል ብራና ቀርቶኛል፤ ውሰድ። እሱም ከተበላሸ ያችን ጩኸታም ሁለተኛ እጅህ ላይ እንዳላያት!»

«እሺ አባቴ፣ እንዳሉኝ» ብሎ ቅጠሏን ተቀበለ።

ታኅሣሥ ላይ ሁለት የክንፍ ቁራጭ ጠርቦ ወደ አውድማ ወረደ። አንዱ ስስ ነው፤ ሌላው ወፈር ያለ፣ ከታች ጠፍጣፋ፣ ከላይ ጎበጥ ያለ። ክብደታቸውን አስተካክሎ ከበትር ጫፍና ጫፍ አሰራቸውና በትሩን እንደ ሚዛን ከመሃሉ በገመድ ይዞ ገለባውን በሚወስደው ነፋስ ፊት አንጠለጠለው። ስሱ ዝም ብሎ ተንቀጠቀጠ። ጎባጣው ቀስ ብሎ ብድግ አለ።

ገብስ የሚያዘራው ምንዋጋው ሳቀበት። «መምህር፣ ነፋስ ልትመዝን መጣህ?»

«መዘንሁት እኮ!» ብሎ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ጎባጣውን ክንፍ ከዋንዛ እንጨት ሠርቶ የመጨረሻዋን ብራና አለበሰው። ብራናው ሲደርቅ ሳበ፤ ወፍራሙ ክንፍ ግን ንቅንቅ አላለም፤ እንደ ከበሮ ጠብቆ ቀረ።

ከጥምቀት ማግስት ሜዳው በሰው ሞላ። አውሮፕላኗ ተንደርድራ ተነሳች፤ ከዛፎቹም በላይ ወጣች። ዞራ ስትመለስ ሞተሯ ጸጥ አለ። ቄስ አሥራተ ማርያም «በቃ!» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሷ ግን በዚያ ጎባጣ ክንፍ አየሩን ተደግፋ፣ እየተንሳፈፈች ወርዳ የታጨደው የገብስ ማሳ ላይ አረፈች። ሴቶቹ እልል አሉ። ገብረ ሊባኖስ ወደ እሷ ሮጠ።

ቀድመው የደረሱት አባቱ ናቸው። አውሮፕላኗን አንስተው ብራናውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«አባቴ፣ ብራናዎን ልፍታልዎ?»

«ማን ሊያስነካህ! ለመጽሐፉ ሌላ ግልገል ይታረዳል» አሉ፤ አውሮፕላኗን ግን አልሰጡትም። «የሚመጣውን ክንፍ እኔ ነኝ የምወጥረው። አንተ ጠርዙን አላልተኸዋል።»