አየር ያጠራቸው ዓሣዎች

በልጄ ቤት፣ እዚህ አቡ ዳቢ፣ አል ዛሂያ ሰፈር፣ የአበባ ማስቀመጫው ውሃ ሳይቀየር ሲሰነብት የሚሸተው ሽታ አል ዐይን ወደሚገኘው የቴምር እርሻ ይመልሰኛል። አባቴ ከወሎ ለሐጅ ወጥቶ፣ በዚያው ተሻግሮ የእርሻው ጠባቂ ሆኖ ነበር፤ እናቴና እኔም ተከትለነው ከኩሬው አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል እንኖር ነበር።

በብርዱ ወራት የኩሬው ውሃ ጥርት ያለ ነበር። ካፊላችን፣ የእርሻው ባለቤት፣ በየሳምንቱ ከአቡ ዳቢ እየመጣ ቀያይ ዓሣዎቹን ቁጭ ብሎ ሲያይ ይቆይና አባቴን «እነዚህ ከሞቱ አገርህ ትገባለህ» ይለው ነበር።

ሙቀቱ ሲበረታ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ፣ ዓሣዎቹ ማለዳ ማለዳ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። እናቴ አፉን የከፈተ ፍጡር እያየች ዝም የምትል ሴት አልነበረችም፤ ዳቦ በወተት እያራሰች፣ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያለች ታጎርሳቸው ነበር። እነሱ አፋቸውን ይበልጥ ከፈቱ፤ እሷም ይበልጥ አጎረሰች። አንዳንዶቹ በጎናቸው መጋደም ሲጀምሩ ደግሞ፣ የጎረቤት እርሻ ሰዎች ሲበሉ አይተዋቸው ነው፣ ዓይን በላቸው ብላ፣ ያሉንን አንሶላዎች ሁሉ ሰፍታ ኩሬውን ሸፈነችው።

ዓርብ ጠዋት የካፊላችን መኪና አቧራ ከሩቅ ሲታይ አባቴ አንሶላውን ገለጠ። «አንቺ ሴት፣ ጨረስሽን» አለና፣ የተጋደሙትን በባልዲ አውጥቶ ሊደብቅ ከነልብሱ ገባ። ዓሣዎቹ ከእጁ እየሟለጩ፣ እሱም እየወደቀ እየተነሣ ውሃውን ሲያንቦጫርቅ ካፊላችን ደርሶ ዳር ቆመ፤ ያን ጊዜ ቀያዮቹ አንድ በአንድ ቀና ብለው መዋኘት ጀመሩ።

ሰውዬው የተንሳፈፈውን ዳቦ፣ አንሶላውንና አባቴን በየተራ ተመለከተ።

«የሚበሉት መች አጡ? የሚተነፍሱት ነው ያጡት» አለ።

ዳቦው ሲበሰብስ ውሃው ውስጥ ያለውን አየር እንደሚጨርስ ነገረን፤ ሙቅ ውሃም ቀድሞውኑ አየሩ ትንሽ ነው፤ አባቴ ሲያንቦጫርቀው ግን አየር ገባላቸው አለ። አባቴን አላባረረውም፤ የአየር መንፊያ ሞተር እስኪገዛ ድረስ ከኩሬው እንዳይወጣ ብቻ አዘዘው። አባቴ እስከ ቀትር ተንቦጫረቀ። እናቴ በአማርኛ፣ «ውሃ ውስጥ ተቀምጦ አየር አነሰኝ የሚል፣ ምን ዓይነት ቅምጥል ነው?» አለች።

ዛሬ የልጄ ቤት መስኮት ዓመቱን ሙሉ ዝግ ነው። የልጅ ልጄ ፊቱን አጥቁሮ ከትምህርት ቤት ሲገባ፣ እናቴ ብትሆን ወዲያው ታጎርሰው ነበር፤ እኔ መጀመሪያ መስኮቱን እከፍትለታለሁ። ልጄ ሙቀት አስገባሽ ትለኛለች። ትንሽ አስተነፍሰውና፣ ከዚያ እኔም ሳህን ይዤ እከተለዋለሁ።