ይመኙሻል ያልፈታችው ጾም

ይመኙሻል ካርቱም ውስጥ ዓሣ ስታሽግ ሰባት ዓመት የዋለች ሴት ናት። ፋብሪካ ይበሉት እንጂ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ነበር። ከዓባይ የወጣው ዓሣ እዚያ ቅርፊቱ ይፋቃል፣ ይቀቀላል፣ ጣሳ ውስጥ ይታሸጋል። የእሷ ሥራ መጨረሻው ላይ ነው፤ የታሸገውን ጣሳ በቀጭን ብረት መታ መታ እያደረገች ማድመጥ። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ አየር የገባበት ድምፁ ድፍን ይላል፤ እሱን ትጥላለች።

ዓሣ ስትነካ ውላ በሁዳዴ ግን አትቀምስም። ባሏ በላይነህ እዚያው ሣጥን ተሸካሚ ነው፤ ዓሣ ጾም ነው ከሚሉት ወገን። «ዕድሜውን ሙሉ ውኃ ውስጥ የኖረ ፍጡር ምን ኃጢአት ያውቃል?» እያለ ፊት ለፊቷ ይበላል።

«አንተን ብሎ ጿሚ!» ትለዋለች። ተናድዳም ትስቅ ነበር።

ጦርነቱ የፈነዳው በቀዳም ስዑር ነው። ሐሙስ ዕለት የፋብሪካው ጌታ ለዒድም ለፋሲካም ይሁናችሁ ብሎ ለየሠራተኛው አንዳንድ ካርቶን ዓሣ አድሎ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ በላይነህ ዶሮ ሊገዛ ከዓባይ ማዶ ኦምዱርማን ሄደ። የኦምዱርማኑ ዶሮ ይሻላል ብላ የላከችው እሷ ናት፤ ይህን አንድም ቀን አልረሳችውም።

«ሳልመጣ ጾሙን እንዳትፈቺ!» አላት ከበሩ ሆኖ።

«ያለ ዶሮ ማን ይፈታል? ያላ፣ ቶሎ በል፣ ሐፍላው ተሳፋሪ ሞልቶ ሳይሄድብህ!»

ረፋድ ላይ ተኩሱ ጀመረ፤ ድልድዮቹ ተዘጉ። ስትደውልለት ስልኩ ጥቂት ቀን ጠራ፤ ከዚያ ዝም አለ።

ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። ይመኙሻል አልፈታችም። ሰፈሯ ጀብራ ውስጥ ሱቁ ተዘርፎ ዳቦ ሲጠፋ ቤቷ የቀረው ያ ካርቶን ዓሣ ብቻ ነበር። እሱንም ለጎረቤቷ ለናስራ ልጆች እየከፈተች አበላች። ራሷ ናስራ የምትሰጣትን ደረቅ የማሽላ ቂጣ፣ ኪስራ፣ በውኃ እያራሰች ትበላለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይበላት የፈለገ። ጾሙን ከፈታች በላይነህ አይመጣም ማለት ነው፤ እስካልፈታች ድረስ ግን መንገድ ላይ ነው።

ናስራ የወሎ ሰዎች ልጅ ናት፤ ካርቱም ተወልዳ ካርቱም ያደገች። እንዲህ እያለች ትቆጣታለች፦ «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ረመዳን ሄደ፣ ዒድ ሄደ። ያንቺ ጾም መቼ ነው ኸላስ፣ በቃ የሚል? አጥንትሽ ወጣ እኮ!»

«በላይ ሲመጣ።»

ሐምሌ ላይ ኦምዱርማን የሚኖረው የፋብሪካው ዘበኛ ሚልዮን በጀልባ ተሻግሮ መጣ። ቁጭ በል ብትለው ቆሞ ቀረ። ያኔ ገባት።

«የዚያኑ ቀን ነው፣ እቴ» አለ ሚልዮን። «ድልድዩ አጠገብ ወድቆ አገኘነው። እኛው ቀበርነው።»

«ዶሮውስ?» አለች። ሰው ሲጨንቀው የማይጠይቀው የለም።

ሚልዮን አንገቱን ደፋ። «አጠገቡ ነበረ። እግሩ እንደታሰረ ነው፤ አልሞተም።»

ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ የጠበቀችው፣ ፋሲካ ሳይደርስ አፈር የገባ ሰው ኖሯል። ናስራ ደረቷን እየመታች ጮኸች። ይመኙሻል ግን እንባም አልመጣላትም። ልቧ ተሰብሮ እጇ ብቻ ይሠራል። ተነሥታ ካርቶኑ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ጣሳ አወጣች። በልማዷ በማንኪያ መታ አደረገቻት፤ ጥርት ብላ ጮኸች። ከፈተቻት። ሁለት ሳሕን አቀረበች፤ ከዚያ አንዱን መልሳ አነሣች።

ለፋሲካ ሰው የሚባባለው አፏ ላይ መጣ። «እንኳን አደረ…» ብላ ተወችው። እሱን አላደረሰውም።

ዓሣውን ጎረሰች። እንባው ያን ጊዜ መጣ።