ከሸሚዝ በላይ የተያዘ ቴርሞሜትር

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴን ልታይ ቤቴል ወዳለ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። የልጅ ልጄን የምታክል ነርስ ቴርሞሜትር ሰጥታኝ፣ «እማማ፣ ብብትዎ ሥር ያድርጉልኝ» አለችኝ። ብርድ ስለነበር ሹራቤን ለመክፈት ሰነፍኩና ከላዩ ሸጎጥኩት። ልጅቷ ግን አየችኝ። «አይ እማማ፣ እንደሱማ አይሆንም! ገላዎን መንካት አለበት» ብላ ራሷ አስተካከለችልኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን እንባዬ መጣ። ጉልበቷን አሟት ነው ብለው ያዘኑልኝም ነበሩ።

ያስለቀሰኝ ነገር የሆነው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ኮልፌ ውስጥ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ጤና ረዳት ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ውጭ አገር ክፉ ጉንፋን ገብቷል ተባለና፣ በአውሮፕላን የመጣ መንገደኛ ሁሉ ስምና ሰፈሩ ተጽፎ ይላክልን ጀመር። የእኔ ሥራ ለአንድ ሳምንት በየማለዳው ቤታቸው እየሄድኩ ሙቀታቸውን ለክቼ፣ ማሳል አለማሳላቸውን ጠይቄ ቅጽ መሙላት ነበር። ትኩሳት ያለው ከተገኘ ለአለቃዬ ለሲስተር እነግራለሁ፤ ሰውየው ለብቻው ይቀመጣል፣ ቤቱም እንግዳ አይገባበትም። በነጭ ጋውኔ የጥርን ውርጭ እየረገጥኩ ስሄድ እንዴት እኮራ እንደነበር! አገር የምጠብቀው እኔ ብቻዬን ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት የደረሰኝ ስም የጋሽ ሳህሌ ሆነ። ጋሽ ሳህሌ ቀራንዮ መንገድ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ ጎረቤታችን ናቸው። አባቴ ሲሞት ትምህርቴን እንዳላቋርጥ ያደረጉኝ እሳቸው ነበሩ። ለንግድ ቤሩት ከርመው በጥድፊያ የተመለሱት ለመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ነው። የሕፃኑ እናት፣ ልጃቸው ብርቅነሽ፣ ደግሞ አብሮ አደጌ ናት። የሕፃኑ አርባ ቀን በማግስቱ ነበር።

ስገባ ግቢው ጎመን በሚከትፉና ቆጮ በሚጋግሩ ሴቶች ተሞልቷል፤ የቅቤው ሽታ እስከ በር ይመጣል። ጋሽ ሳህሌ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀልቷል። አከታትለው አሳሉ።

«የመንገድ አቧራ ነው፣ ሙሉዬ» አሉኝ።

«ሙቀትዎን ልለካ ነው፣ ጋሼ።»

«በይ ለኪ። ብቻ ነገ ሕፃኑን ሳላቅፍ እንዳታስቀሪኝ አደራ!»

ቴርሞሜትሩን ሰጠኋቸው። ሸሚዝዎን ይፍቱ ልበላቸው? እንደ አባት ያሳደጉኝን ሰው? ይሉኝታ ያዘኝና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። መለስ ስል ከሸሚዛቸው በላይ ይዘውታል። አየሁ። እሳቸውም ማየቴን አዩ። ተቀብዬ ሳነበው ከጤነኛ ሰውም ያነሰ ነበር። ቅጹ ላይ «ትኩሳት የለም፤ ሳል የለም» ብዬ ጻፍኩ። ሳሉን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ እኮ ነው! የቀሩትንም ቀናት እንደዚያው ሞላኋቸው።

በማግስቱ የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ ክርስትናው ላይ ተገኘሁ። ጋሽ ሳህሌ ሕፃኑን ተቀብለው ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ እጁን ሳሙት። ብርቅነሽ በደስታ ትስቃለች። ያን ጊዜ እንኳ ተነስቼ «ይቅርብዎት» ማለት እችል ነበር። ክትፎዬን ጎረስኩ።

በአራተኛው ቀን ሕፃኑ አተኮሰው፤ ትንፋሽ አጠረው። ሆስፒታል ወሰዱት፤ ሳምንት አልቆየም። ከአያቱ ይያዘው ከሌላ፣ መርምሮ ያረጋገጠ የለም። ሲስተር ቅጼን ገልጣ፣ «አያትየው ጤነኛ ነበሩ» ብላ ነገሩን ዘጋችው። እኔን አምና ነው።

ለቅሶው ላይ ብርቅነሽ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ «ሙሉዬ፣ በየቀኑ ቤታችን ትመጪ ነበር እኮ! ምናለ አንድ ነገር አይተሽ ብትነግሪን ኖሮ!» አለችኝ። ምንም ሳታውቅ ነው ያለችው። ጋሽ ሳህሌ ከማዶ አንገታቸውን ደፉ። እስኪሞቱ ድረስ እኔና እሳቸው ዓይን ለዓይን አልተያየንም።

ብርቅነሽ ከዚያ በኋላ ልጆች ወልዳለች፤ ዛሬ አያት ናት። ልነግራት ስንት ጊዜ እንደተነሳሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ባለፈው ሳምንትም ከክሊኒኩ ወጥቼ ወደ ቤቴ አልሄድኩም፤ ዛሬስ ይውጣልኝ ብዬ፣ እያነከስኩ በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ። በሩን ከፍታ ፊቴን ስታይ ደነገጠች።

«ምን ሆነሻል፣ ሙሉዬ?»

«ደህና ነኝ» አልኳት፤ «ምንም የለም።»