መስኮት የሚዘጋበት ክፍለ ጊዜ

ባለፈው ጥር ለዘገባ ሥራ ጅማ ሄጄ፣ በተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ ከአጥሩ ማዶ ካለው የቡና መፈልፈያ የጀንፈል፣ የደረቅ ቡና፣ ገለባ ሽታ በመስኮቱ ገባ። ሰሌዳው ላይ አንድ ተረት ተጽፏል፤ ከሥሩ «የተረቱ ትምህርት» ተብሎ ተሰምሮበታል። ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ። ተረቱን አውቀዋለሁ።

እኛን ያስተማሩን መምህር ታደለ ከደጋ አገር የመጡ ወጣት ነበሩ። ከየቤታችን የሰማነውን ተረት እንድንናገር ሲጠይቁ ክፍሉ ጸጥ ስለሚል፣ ተረት የማናውቅ መስሏቸው አዝነው ሰነበቱ፤ በእኛ አካባቢ በቀን ተረት ያወራ ሰው ከብቱ ይጠፋበታል እንደሚባል የነገራቸው አልነበረም። በመጨረሻ የበቾ ቦሬ ሰፈሩ ልጅ አብዱ፣ ቤታቸው አንዲት ፍየል እንኳ ሳትኖር፣ «ቲቸር፣ ከብታችን ቢጠፋ ማን ይፈልግልናል?» አላቸው። መምህሩ አልሣቁም፤ የቆርቆሮ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጉና «ይኸው፣ መሸ» አሉ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ ነበር ከአጋሮ መጥታ አክስቷ ዘንድ የምትማረው ጫልቱ፣ የጠፋች ላሙን ላገኘለት ጅብ ሴት ልጁን ሊሰጥ ቃል ስለገባ አባት ያወራችልን። ሌላ አስተማሪ ቢሆን ምን ተማራችሁ ይል ነበር፤ እሳቸው ግን ስትሰሙ ከማን አጠገብ ቆማችሁ ነበር ብለው ጠየቁ። አብዱ ላሟ አጠገብ እንደነበረ፣ ጅቡ ላሟን ትቶ ልጅ መጠየቁም እንዳስገረመው ተናገረ፤ ሣቅን። አብዛኞቻችን ከአባትየው ጋር ነበርን፤ ቃል ቃል ነው።

«እኔ ጓዳ ነኝ» አለች ጫልቱ። «ሲነጋገሩ ይሰማኛል። ቡናው ሲሸጥ ይወስደኛል።»

ተረቱ ውስጥ ቡና አልነበረም።

መምህሩ በማግስቱ አጋሮ ሄዱ። ሲመለሱ አባቷ ያሏቸውን ነገሩን፤ «መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ልጅ ተረት ብታወራ አምነው መጡ?»

ቡናው ተሸጠ። የጫልቱ ቦታ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ባዶ ሆነ፤ መስኮቱ በተዘጋ ቁጥር አብዱ እንኳ ቀልድ አልወጣውም።

ባለፈው ጥር፣ ከኋላ ወንበሩ ሆኜ፣ ደወሉ ሲደወል ሰሌዳው ላይ ከተሰመረው ሥር ያለውን አነበብኩት፤ «ቃልን ማክበር ይገባል» ይላል። ተረቱ እንዳለ አለ፤ የመምህር ታደለ ጥያቄ ግን የለም። ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ ቀድማ ጽፋ ጨርሳ ወደ በሩ ታያለች። የት እንደቆመች የጠየቃት የለም። መስኮቶቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል።