የመምሬ ሳህንና የእትዬ ይርጋነሽ ማይክሮዌቭ

ቢቸና ላይ የተወራው እንዲህ ነው፦ እትዬ ይርጋነሽ ለንስሐ አባታቸው ያቀረቡት ሽሮ መብረቅ ተፋ። ወሬው ገበያ ሲደርስ መብረቁ ሁለት ሆነ። ደብረ ወርቅ ሲደርስ ጣራ ገነጠለ።

ውሸት ነው። ጣራው አለ፤ ንስሐ አባቱ መምሬ ኃይለ ሚካኤልም በጤና አሉ። ብልጭ ያለው ሽሮው ሳይሆን የሳህኑ ጠርዝ ነው።

እትዬ ይርጋነሽ ሠላሳ ዓመት ክሊኒክ ውስጥ መርፌ ሲቀቅሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። መምሬ እትዬ ቤት ለሚደረገው ማኅበር ሁልጊዜ ዘግይተው ስለሚመጡ ወጡ ይቀዘቅዝባቸዋል። ሞጣ የምታስተምረው የእትዬ ልጅ ሰብለ ወንጌል ይህን አይታ ማይክሮዌቭ አመጣችላቸውና "ብረት እንዳይገባ" ብላ ተመለሰች። እትዬም ማንኪያውን አወጡ። ሽሮውን ግን ለመምሬ ብቻ በሚወጣው፣ ጠርዙ ወርቅ በተቀባው ሳህን አድርገው ከተቱት። ጧ! ጧ! መምሬ መስቀላቸውን እንደጨበጡ፣ እህል ሳይቀምሱ ወጡ። የንስሐ አባት ሳይቀምስ የወጣበት ቤት ምን እንደሚባል እናንተም ታውቃላችሁ።

እትዬ ሞጣ ደወሉ።

"እማዬ፣ ባለወርቁን ማን አስገቢ አለሽ?"

"ታዲያ የንስሐ አባቴን በተራ ሳህን ላብላ?"

"ተራው ነው የሚሻለው! ወርቅና ብር ያለበትን ለሙከራም እንዳታስገቢ። ሌላውን ባዶውን ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር አንድ ደቂቃ አሙቂው። ውኃው ሞቆ ሳህኑ ካልሞቀ ይሆናል። ሳህኑ ከጋለ ተይው። ያንን ያረጀ የቅቤ ፕላስቲክሽንም እንዳትከቺ።"

እትዬ ሳምንቱን ሙሉ ሳህን ሲፈትኑ ሰነበቱ። የራሳቸው ሲያልቅ ወደ ጎረቤት ዞሩ። መብረቁን ሁለት ያደረገችው ማናለሽ የሰርጓን ሳህን ታቅፋ መጣች።

"አበባው ብርማ ነው፤ ለፈተናም አይቀርብ" አሏት።

"እትዬ፣ ከጣልያን የመጣ እኮ ነው!"

"ከገነትም ይምጣ። አዙሪና ውሰጅው።"

በመጨረሻ አንድ ወፍራም የመስታወት ሳህን አለፈ፤ አበባ የለው፣ ጠርዝ የለው።

በቀጣዩ ማኅበር መምሬ እንደ ልማዳቸው ዘግይተው መጡና በሩ ሥር ተቀመጡ። ሽሮው በመስታወቱ ሳህን ሞቆ ወጣ፤ አንድም ብልጭታ አልታየም። እትዬ ጎንበስ ብለው አቀረቡ። መምሬ ሳህኑን አዩ። በሩን አዩ።

"አባቴ፣" አሉ እትዬ፣ "ሃያ ዓመት ኃጢአቴን ሰምተው አልሸሹም። ሽሮዬ ከኃጢአቴ ይብሳል?"

መምሬ እንጀራ ቆርሰው ከሽሮው አጠቀሱ። ወዲያውም አፋቸው በጉርሻ ተያዘ።