ለክፍሉ ኖት የምትጽፍ ልጅ

የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ስለነበረ እንግሊዝኛ አልተማርኩም። ይህን ባሰብኩት ቁጥር እናደዳለሁ፤ አሁን ስጽፈውም ተናድጄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ በተማርኩበት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ለሁሉም አይዳረስም ነበር። ስለዚህ የእንግሊዝኛ መምህራችን የራሳቸውን ደብተር ጽሑፏ ለሚነበብ አንዲት ልጅ ይሰጣሉ። እሷ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፣ ክፍሉ ይገለብጣል፣ እሳቸው ወንበራቸውን አውጥተው በረንዳው ጥላ ላይ ይቀመጣሉ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ያቺ ልጅ እኔ ነበርኩ።

ክፍለ ጊዜው ሙሉ ፊቴ ወደ ሰሌዳ፣ ጀርባዬ ወደ ተማሪው ነው። ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች ይጮሁብኛል።

“አንቺ ልጅ፣ ዞር በይ እንጂ! ጀርባሽን ነው እንዴ የምንገለብጠው?”

“ተዋት፣ ጀርባዋም ኖት ነው!”

እኔ ዞር እላለሁ፣ እጽፋለሁ። ባለቤቱ ሂ፣ ሺ ወይም ኢት ከሆነ ግሱ መጨረሻ ላይ ኤስ ይጨመራል የሚለውን በቀይ ጠመኔ ጽፌ በማስመሪያ አሰምርበታለሁ። ደወሉ ሊደወል ሲል መምህሩ ከበረንዳው ይመለሱና ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ያዩታል። “ክሊር?” ይላሉ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ “የስ ቲቸር!” ይላል። አለቀ። ይህ ነበር እንግሊዝኛ።

የራሴን ደብተር የምሞላው በእረፍት ሰዓት፣ ከጓደኛዬ ደብተር ላይ ነበር። ጓደኛዬ ከእኔ ሰሌዳ የገለበጠችውን እኔ መልሼ ከእሷ እገለብጣለሁ። እሷ የዘለለችው መስመር ካለ እኔም ራሴ የጻፍኩትን ዘለልኩት ማለት ነው። ይህ በዚያን ጊዜ አላሳቀኝም፣ አላናደደኝምም። ኩራት ነበር የሚሰማኝ። ሂጃቤ ላይ የጠመኔ ብናኝ ይዤ ቤት ስገባ እናቴ ሱቋ በር ላይ ቆማ ለጎረቤቱ “ዛሬም እሷ ናት ያስተማረችላቸው” ትል ነበር። ፈተና ላይም ጥሩ አመጣ ነበር። ፈተናው ከኤ እስከ ዲ ካሉት አንዱን መምረጥ ነው፤ መምረጥ እችላለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ደሴ ደረሰኝ። የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ክፍል ላይ አንዲት ወጣት መምህርት ገባች። ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፈችም። “ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ስለ ቤታችሁ አውሩ” አለችን፣ በእንግሊዝኛ። ከጎኔ የተቀመጠችው ከኩታበር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፤ በኋላ የዶርም ጓደኛዬ ሆነች። ወዲያው ጀመረች።

“ማይ ፋዘር ሃቭ ቱ ኦክስ። ዋን ኦክስ ቬሪ ባድ። ሂ ኪክ ማይ ብራዘር።”

መምህርቷ አጠገባችን ቆማ ነበር። “ዋይ?” አለቻት።

“ቢኮዝ ማይ ብራዘር ኦልሶ ባድ።”

መምህርቷ ከልቧ ሳቀች። ክፍሉም ሳቀ። ልጅቷም አብራ ሳቀች። እኔ በሆዴ “ሃቭ” ሳይሆን “ሃዝ”፣ “ኦክስ” ሳይሆን “ኦክሰን” እያልኩ አርም ነበር። ከዚያ መምህርቷ ወደ እኔ ዞረች። “ኤንድ ዩ?”

ቤታችን ሱቅ እንዳለው ልነግራት ፈለግሁ። ባለቤቱን አሰብኩ፣ ግሱን አሰብኩ፣ ኤስ ይጨመር አይጨመር አሰብኩ። ሕጉ ከነቀይ ጠመኔው፣ ከነመስመሩ ፊቴ ላይ ተደቀነ። አፌ ግን አልተከፈተም። መምህርቷ ጠበቀች፣ ጠበቀችና በደግነት “ኔክስት ታይም” ብላ አለፈች። በሚቀጥለውም ክፍል እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ወዲያ እኔን መጠየቅ ተወች።

ዶርም ስንገባ የኩታበሯ ልጅ አልጋዋ ላይ ተዘርራ አሾፈችብኝ።

“አንቺ የከተማ ልጅ፣ ምላስሽን ኮምቦልቻ ረስተሽው ነው እንዴ የመጣሽው?”

“አንቺስ መናገር የት ተማርሽ?”

“እኛ ጋ ቲቸሩን የጠመኔ ብናኝ ያስለው ነበር። አንድ መስመር ሳይጨርስ ኡህ ኡህ ይልና ‘በሉ አውሩ’ ይለናል። እናወራለን። አንተ ማነህ፣ በሬህ ምን ይባላል፣ ትናንት የት ዋልክ። ያው ቀባጥረን ቀባጥረን አደግን።”

እሷ ተኛች፤ እኔን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በመጀመሪያ በራሴ ነበር የተናደድኩት። ከዚያ ግን አንድ ነገር ጠየቅሁ፦ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ፣ “እስቲ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ” ብሎኝ ያውቃል? አላስታወስኩም። ማስታወስ ያቃተኝ ረስቼው አይደለም፤ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት እናቴ ደወለች። ድምፅዋ በደስታ ይዘል ነበር።

“እንኳን ደስ አለሽ! እህትሽ ያንቺን ቦታ ያዘች። ቲቸራችሁ ጠመኔውን ለእሷ ሰጧት። ማሻ አላህ በይ እንጂ!”

ማሻ አላህ አላልኩም። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ገባች። ከሷ ጋር አንድ ቤት የኖረ ሰው ጸጥታ ምን እንደሆነ አያውቅም። ከስልክ የሰማችውን እንግሊዝኛ ሁሉ ትደግማለች። ሱቅ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ታወራበታለች። አንድ ቀን ስኳር ሊገዙ የመጡትን ሽማግሌ “ሃው ኦልድ አር ዩ ሀጂ?” ብላ ብትጠይቃቸው “አልሐምዱሊላህ ልጄ፣ አንቺስ?” አሏት። “አይ አም ትዌልቭ!” ብላ ስኳሩን መዘነችላቸው። ይህቺ ልጅ ጠመኔውን ከያዘች ምን እንደምትሆን አውቃለሁ፤ እኔን ነው የምትሆነው። ፊቷን ወደ ሰሌዳ አዙረው አፏን ይዘጉባታል፣ እሷም እየተኩራራች ትዘጋዋለች። ይህ እንዳይሆን ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ዓርብ ክፍል ስላልነበረኝ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የደሴን ብርድ ትተን የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዝን ስንወርድ ለመምህሩ የምለውን በሆዴ ደጋገምኩት። በአማርኛ ነው የምለው፤ በአማርኛ ችግር የለብኝም። ሹራቤን አውልቄ ትምህርት ቤቱ ስደርስ መምህሩ ስታፍ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

“ኧረ ማን መጣች! የኔ ጸሐፊ!” ወደ ውስጥ ዞረው ለሌሎቹ መምህራን “ይቺን ታውቋታላችሁ? የኔ ፍሬ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች” አሉ።

አቀርቅሬ ፈገግ አልኩ። ያን ሁሉ መንገድ ተናድጄ መጥቼ ፈገግ አልኩ።

“ቲቸር፣ ስለ እህቴ ላስቸግርዎት ነበር።”

“አብሽሪ፣ ጎበዝ ናት። ጽሑፏ ካንቺም ይበልጣል።”

“ኖት ባትጽፍ ደስ ይለኛል።”

“ለምን? አመማት እንዴ?”

“አላመማትም። ማውራት ትወዳለች። እንግሊዝኛውን ብታወራው ይሻላታል ብዬ ነው።”

ሳቁ። “ማውራትማ ማን ይጠላል? መጽሐፍ የለም፣ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። ማን ይጻፍላቸው? የኔን ጽሑፍ ታውቂው የለ፤ እኔ ራሴ መልሼ አላነበውም።”

“ቢያናግሯቸውስ? ትናንት ምን እንደሠሩ ቢጠይቋቸው?”

“ሚኒስትሪ ፈተና ላይ ትናንት ምን ሠራሽ የሚል አይመጣም። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ነው የሚመጣው። አንቺስ በምን አለፍሽ? በኖት አይደለም?”

“አልፌያለሁ ቲቸር። መናገር ግን አልችልም።”

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። የመምህሩ ፊት ትንሽ ጠቆረ። ከዚያ ፊታቸው መልሶ በራ።

“ታዲያ ዩኒቨርሲቲው ምን ሥራ አለው? እዚያ ያናግሩሻል። እኛ መሠረቱን ጥለናል!”

መሠረት! ምን መሠረት? ልጮህባቸው ነበር፤ ደወሉ ተደወለ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ጠመኔ አወጡ። “ነይ እንዲያውም፣ ዛሬ አንቺ ጻፊላቸው። ደስ ይላቸዋል።” እጄ ከእኔ ቀድሞ ተዘርግቶ ተቀበላቸው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ይህ እጄ ነው።

ክፍሉ ውስጥ እህቴ ቁመቷ ስለማይደርስ ጡብ ላይ ቆማ ሰሌዳውን ታጠፋ ነበር። መምህሩ “ዛሬ እንግዳ አላችሁ፤ እሷ ትጽፍላችኋለች” አሉና ወንበራቸውን ይዘው ወጡ። እኔ ወደ ሰሌዳው አልዞርኩም። ፊቴን ለተማሪዎቹ ሰጥቼ ቆምኩ።

“ዋት ዲድ ዩ ዱ የስተርደይ?” አልኳቸው። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ፤ ቢሆንም ወጣ።

ሁሉም ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩና መጻፍ ጀመሩ።

“ቲቸር፣ ድገሚልን!” አለ ከኋላ አንዱ።

“ርዕስ ነው? ይሰመርበት?” አለች ሌላዋ።

“አይጻፍም!” አልኩ። “ጥያቄ ነው። መልሱልኝ።”

እርስ በርስ ተያዩ። ፊት የተቀመጠ ልጅ እየራራልኝ በትሕትና አስረዳኝ። “ቲቸር፣ ከየት እንመልስ? ኖቱ ገና አልተጻፈም እኮ።”

እንደዚያን ጊዜ ተናድጄ አላውቅም። በልጁ አልነበረም። ትናንት የዋለበትን የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው፤ ሆኖም ሌላ ሰው ሰሌዳ ላይ እስኪጽፍለት ይጠብቃል። ምን ብዬ እንደምመልስለት ሳስብ እህቴ ከጎኔ መጣች። ፊቷ ቀልቷል። “በአላህ ጻፊላቸው! ታሳፍሪኛለሽ!” አለችኝ በሹክሹክታ። ወደ ሰሌዳው አልዞር ስላት ጠመኔውን ከእጄ ነጥቃ ጡቧ ላይ ወጣች፣ ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጠች፣ መጻፍ ጀመረች። ክፍሉ እፎይ ብሎ መገልበጥ ቀጠለ። ጽሑፏ እውነትም ከእኔ ይበልጣል።

ማታ እናቴ እኔን ነበር የምትጠብቀው። መምህሩ በሱቁ ሲያልፉ “ልጅሽ ደሴ ሄዳ ተቀየረች” ብለዋታል።

“ያስተማረሽን ሰው እንዲህ ታዋርጂያለሽ? ውለታ እንዲህ ይበላል?”

“ምን አስተማሩኝና ነው?”

“ዩኒቨርሲቲ ማን አስገባሽ ታዲያ?”

እህቴ ፍራሹ ጥግ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች። ከትምህርት ቤት ከመጣች ጀምሮ ቃል አልወጣትም። ዝምታዋ ከእናቴ ቁጣ ይልቅ አስፈራኝ። “ሰኞ ጠመኔውን ሲሰጡሽ እምቢ በይ” አልኳት።

ዞረች። “አንቺ ጠግበሽ ስትጨርሺ ነው ለእኔ የሚከለከለው?”

“ጠግቤ ምን አገኘሁ? አንድ ዓረፍተ ነገር ከአፌ አይወጣም!”

“አንቺ ስለማትችይ ነው! እኔ እችላለሁ!”

“ከቻልሽ ተናገሪዋ!”

ብድግ አለች። ጣቷን ቀስራብኝ ጮኸች። “ዩ ኢዝ ባድ ሲስተር! ዩ ካም፣ ዩ ስፖይል ማይ ክላስ! ሁ ኮል ዩ? ጎ ቱ ደሴ!”

‘ዩ አር’ የሚለው እርማት አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። “ኖ! አይ ኖት ጎ!” አልኩ፣ ግሱን ሳልፈልገው። “ዩ ራይት፣ ራይት፣ ራይት፣ አፍተር ዩ ሳይለንት! ላይክ ሚ!”

“አይ ኖት ላይክ ዩ! አይ ኔቨር ሳይለንት!”

ሰኞ ጠመኔውን መቀበሏ አይቀርም፤ ያንን ማስቀረት እንዳልቻልኩ እዚያው ገብቶኛል። መምህሩም ወንበራቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ንዴቴ ቅንጣት አልበረደም። ድምፄ ግን ጎረቤት ይሰማል፣ የእሷም ይሰማል። እናቴ መሀላችን ገብታ እጇን አጨበጨበችብን።

“በአማርኛ ተጣሉ እንጂ! ማን ማንን እንደበደለ ልወቅ!”

እህቴ ግን ገና አልጨረሰችም።